የሊሊያን ጊሽ ፊልሞች በደሴ፦ ድምፅ አልባ ፊልምን በማሲንቆና በተራኪ ማሳየት

ድምፅ አልባ ፊልም በራሱ ዘመን በጸጥታ የሚታይ ነገር አልነበረም። በአሜሪካ ትልልቅ ሲኒማ ቤቶች ኦርኬስትራ፣ በትንንሾቹ አንድ ፒያኖ፣ በጃፓን ደግሞ ቤንሺ የሚባል ተራኪ ከስክሪኑ ጎን ቆሞ ያጅበው ነበር። ስለዚህ ከኢንተርኔት የወረደ ፋይል ከፍቶ ሰውን "እዩ" ማለት ሥራውን ግማሽ መንገድ ላይ መተው ነው። ተመልካቹ አምስት ደቂቃ ይስቃል፣ አሥር ደቂቃ ስልኩን ይነካካል፣ ከዚያ ይወጣል።

እዚህ የተጻፈው በደሴና በኮምቦልቻ ላሉ የፊልም ክበቦች፣ ለቲያትር ተማሪዎችና ለትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያዎች ነው፤ የአንዲትን ድምፅ አልባ ተዋናይት የሥራ ዘመን በአንድ ከሰዓት በኋላ እንዴት ማሳየት እንደሚቻል። የፊልሞቹና የተዋናይቷ ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ተዋናይቷ ሊሊያን ጊሽ ናት። በ1893 በኦሃዮ፣ ስፕሪንግፊልድ ተወለደች። ገና በልጅነቷ ከእናቷና ከታናሽ እህቷ ከዶሮቲ ጋር በተጓዥ ቲያትር ስትሠራ አደገች። በ1912 ሁለቱ እህትማማቾች በባዮግራፍ ኩባንያ ለፊልም አዘጋጁ ለዲ. ደብሊው. ግሪፊዝ መሥራት ጀመሩ። እስከ 1928 ድረስ በድምፅ አልባ ፊልም ከሁሉም በላይ ከሚከበሩት አንዷ ነበረች። የመጀመሪያ ድምፃዊ ፊልሟ በ1930 ወጣ፣ ከዚያ አብዛኛውን ጊዜዋን ለመድረክ ሰጠች፣ በ1971 የክብር ኦስካር ተቀበለች፣ የመጨረሻ ፊልሟ በ1987 ታየ፣ በ1993 በ99 ዓመቷ አረፈች። የተመረጠችው በዝናዋ ብቻ አይደለም። በ16 ዓመት ውስጥ ካሜራው እየቀረባት ሲመጣ ትወናዋ እንዴት እያነሰ እንደሄደ በዓይን ስለሚታይ ነው። በ1912 በእጇና በሩጫዋ ትናገራለች፤ በ1919 በሁለት ጣት፤ በ1928 በዓይኗ። የምታደርጉት ዝግጅት ሁሉ ያቺን ትንሽ እንቅስቃሴ የኋላ ወንበር ላይ ለተቀመጠው ሰው ለማድረስ ነው።

ፊልሞቹን መምረጥ

ሙሉ ፊልሞቿን አንድ ላይ መደርደር አይሞከርም፤ አንዳንዱ ብቻውን ከሁለት ሰዓት በላይ ነው። አንድ አጭር ሙሉ ፊልምና ከሦስት ረጃጅሞች የተቆረጡ ትዕይንቶች ይበቃሉ፦

መጀመሪያ የ1912ቱ "አን አንሲን ኢነሚ" (ያልታየ ጠላት)፣ ሙሉውን፣ 15 ደቂቃ ያህል። የእህትማማቾቹ የመጀመሪያ ፊልም ነው። ክፍል ውስጥ የተቆለፈባቸው ሁለት ልጆች፣ በግድግዳ ቀዳዳ የሚገባ ሽጉጥ፣ በስልክ የሚጠሩት ወንድም፤ ማብራሪያ አይፈልግም።

ቀጥሎ የ1919ኙ "ብሮክን ብሎሰምስ" (የተሰበሩ አበቦች)። ሁለት ቦታ ቁረጡ፦ ሉሲ የከንፈሯን ጫፎች በሁለት ጣቶቿ ወደ ላይ ገፍታ "የምትስቅበትን"፣ እና ከአባቷ ሸሽታ ጠባብ ቁምሳጥን ውስጥ የምትደበቅበትን እስከ መጨረሻው። 20 ደቂቃ ያህል።

ሦስተኛ የ1920ው "ዌይ ዳውን ኢስት"። አና ሕፃኗን ብቻዋን የምታጠምቅበትና በበረዶ ግግር ላይ ሆና በወንዝ የምትወሰድበት፤ ይህም 20 ደቂቃ። እጇና ፀጉሯ ውኃው ውስጥ እየተጎተቱ እንዲሄዱ ሐሳቡን ያመጣችው ራሷ ናት፤ በረዶውም ውኃውም በአብዛኛው እውነተኛ ነበር።

የመጨረሻው የ1928ቱ "ዘ ዊንድ" (ነፋሱ)፣ በስዊድናዊው ቪክቶር ሾስትሮም የተዘጋጀ። የመጨረሻውን 25 ደቂቃ ውሰዱ። የተቀረጸው በሞሃቪ በረሃ ነው፤ አሸዋውን ፊቷ ላይ የሚነፉት የአውሮፕላን ማራገቢያዎች ነበሩ።

በመካከል የተራኪው ማገናኛ ሲጨመር ከ90 ደቂቃ ብዙም አይርቅም። የ1915ቱን "ዘ በርዝ ኦፍ ኤ ኔሽን" አታስገቡ። ጊሽ ብትኖርበትም የነጮች የበላይነት ቡድን የሆነውን ኩ ክለክስ ክላንን የሚያሞግስ ዘረኛ ፊልም ነውና ራሱን የቻለ ውይይት ይፈልጋል፤ በሌሎች መካከል ተሰክቶ አይታለፍም። "ብሮክን ብሎሰምስ" ላይም ቻይናዊውን የሚጫወተው ነጭ ተዋናይ ሪቻርድ ባርዘልመስ መሆኑን ተራኪው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገር። ሦስተኛው ሲቀር ሌሎቹ ሁሉ በሴት ልጅ ላይ የሚሰነዘር ጥቃት ወይም የሽጉጥ ማስፈራሪያ አለባቸው፤ የመጨረሻው ደግሞ የመደፈር ሙከራንና ግድያን የሚነካ ነው። ማስታወቂያው ላይ "ለልጆች አይደለም" ብላችሁ ጻፉ።

ስለ መብት፦ በአሜሪካ ሕግ አራቱም ዛሬ ነፃ ናቸው፤ የመጨረሻው የ1928 ፊልም ጥበቃው ያበቃው ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ነው። የእኛው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) ያስቀመጠው የጥበቃ ጊዜም ለእንዲህ ያለ ፊልም ካለፈ ቆይቷል። ነፃ ያልሆነው አዲስ የተቀረጸ ማጀቢያ ሙዚቃ ነው። ስለዚህ የፋይሉን ድምፅ ሙሉ በሙሉ ዝጉ፤ በማሲንቆ ለሚታጀብ ፊልም ደግሞ የሌላ ሰው ፒያኖ አያስፈልግም።

ከአንድ ፊልም ሦስት አራት ዓይነት ቅጂ ታገኛላችሁ። የምትመርጡት በፋይሉ መጠን አይደለም። ተዋናይቷ ከወገብ በላይ የምትታይበትን አንድ ምስል አስቁሙና ዓይኖቿን ፈልጉ። የዓይኗ ጥቁሩ ከነጩ ተለይቶ ከታየ ቅጂው ይሠራል። ፊቷ ነጭ ልጥፍ፣ ዓይኗ ጥቁር ነጠብጣብ ከሆነ ከቅጂ የተቀዳ ቅጂ ነው፤ ምንም ፕሮጀክተር አያድነውም።

ፍጥነት፦ ሳቁ የሚመጣው ከዚህ ነው

ሰው "የድሮ ፊልም ይሮጣል" የሚለው ፊልሙ እንዲያ ተሠርቶ አይደለም። ካሜራው በእጅ እየተዘወረ በሰከንድ 16፣ 18 ወይም 20 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ይቀርጽ ነበር። ድምፅ ሲመጣ መለኪያው 24 ሆነ። በ18 የተቀረጸው በ24 ሲታይ ሁሉም ነገር በሲሶ ይፈጥናል፣ እናቲቱም ልጇን ስታጠምቅ የምትቸኩል ትመስላለች። ይህንን ሳያስተካክሉ ስለ ትወና ማውራት ዋጋ የለውም።

የመጀመሪያው ምርመራ በደቂቃ ነው። የ1912 አጭር ፊልም አንድ ጥቅል ነው፤ ጥቅሉ ቢሞላ 1,000 ጫማ፣ በአንድ ጫማ 16 ፍሬም። በሰከንድ 16 ቢሄድ 16 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ፣ በ18 ቢሄድ 15 ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ በ24 ቢሄድ 11 ደቂቃ ይፈጃል። ፋይላችሁ 11 ደቂቃ ከሆነ ወይ ይሮጣል ወይ ተቆርጧል።

ሁለተኛው የበለጠ ያስተማምናል። ፋይሉን ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ከፍታችሁ አንድ ሰው የሚራመድበት ቦታ ላይ አስቁሙና የእንግሊዝኛዋን "ኢ" ቁልፍ እየነካችሁ ፍሬም በፍሬም ሂዱ። እግሩን ተከተሉ። በእያንዳንዱ ንኪ እግሩ ከተንቀሳቀሰ ፋይሉ አልተስተካከለም። ከአራት ንኪ በአንዱ ቀጥ ብሎ ከቀረ፣ ቅጂውን ያደሰው ሰው ከየሦስት ፍሬሙ አንዱን ደግሞ 18ቱን ወደ 24 አምጥቶታል፤ አትንኩት። ከስድስት በአንዱ ከሆነ ከ20 የመጣ ነው፣ ከሦስት በአንዱ ከሆነ ከ16። ይህ ስሌት ለ24 ፍሬም ፋይል ነው፤ በ30 ፍሬም የተጫነ ከሆነ ድግግሞሹ ይበዛል፣ ግን መደገሙ ራሱ ምልክት ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት የተስተካከለውን እንደገና በማዘግየት ነው፤ ያኔ ተዋናይቷ ውኃ ውስጥ እንደምትራመድ ትሆናለች።

ያልተስተካከለውን ከፕሌይባክ ምናሌ ስፒድ በሚለው ቀንሱ። ለ18 ፍሬም 0.75፣ ለ16 ፍሬም 0.67፣ ለ20 ፍሬም 0.83 ነው። የ1912ቱን ከ16 እስከ 18፣ የ1919ኙንና የ1920ውን ከ18 እስከ 20፣ የ1928ቱን ከ22 እስከ 24 አድርጋችሁ ጀምሩና በዓይን ጨርሱ። ዓይን የሚፈርደው በሦስት ነገር ነው፦ ተራ እርምጃ በሰከንድ ሁለት ገደማ ነው፤ ሰው ወንበር ላይ ሲቀመጥ የሚጣል አይመስልም፤ ዓይን ሲርገበገብ እንቅልፍ የያዘው አይመስልም። የመጨረሻው ከመጠን በላይ ለዘገየ ፊልም ነው። ለዚህች ተዋናይት ከሁሉ የሚበልጠውም እሱ ነው፤ የዐይኗ ሽፋን ሥራዋ ነውና።

ፍጥነቱን ስትቀንሱ የቪኤልሲ ሰዓት የሚቆጥረው የፋይሉን ጊዜ እንጂ የግድግዳውን አይደለም። በ0.75 አንድ የፋይል ደቂቃ 80 ሰከንድ ይሆናል። ለሙዚቀኛውና ለተራኪው በደቂቃ ምልክት ከሰጣችሁ ሁሉም ይዛነፋል። ምልክቱ ምስል ይሁን፦ "በሩ ሲመታ"፣ "ሻማው ሲጠፋ"።

አዳራሹና ምስሉ

ስክሪኑ 3 ሜትር በ2.25 ሜትር ይሁን። የዘመኑ ፊልም አራት ለሦስት ነው፤ ወደ ጎን ለመሙላት ከተለጠጠ ፊቷ ይወፍራል፣ ቀጭኗ ልጅ ሌላ ሰው ትሆናለች። በግራና በቀኝ የሚቀረውን ባዶ ቦታ በጥቁር ጨርቅ ሸፍኑት። ከሰኞ ገበያ የሚገዛ አቡጀዲ በቂ ነው፤ ግን አንድ እጥፍ ብርሃን ያሳልፋልና እጥፍ አድርጋችሁ ስፉት፣ ስፌቱ በመሃል ሳይሆን በታችኛው ሲሶ ይዋል፣ ክፍሉ ላይ ከመስቀላችሁ በፊት ተኩሱት። የታችኛው ጫፍ ከወለሉ 1.5 ሜትር ከፍ ይበል። የመጨረሻው ረድፍ ከስክሪኑ ከ11 ሜትር በላይ አይራቅ፤ ከዚያ ወዲያ የሁለቱ ጣቶች ሳቅ አይታይም።

ፕሮጀክተሩ 3,000 ሉመን (የብርሃን መለኪያ) ይበቃዋል። ሰፊ ምስል ያለው ፕሮጀክተር አራት ለሦስት ሲያሳይ ሩብ ብርሃኑ በጎንና ጎን እንደሚባክን ግን አስቡ፤ ከዚያ በታች ያለው ለክፍል ማስተማሪያ እንጂ ለዚህ አይሆንም። ከፍታው 2.25 ሜትር እንዲሆን የፕሮጀክተሩ ሙሉ ምስል 4 ሜትር ወርድ ይኖረዋል፤ የተለመደው 1.5 ሌንስ (ርቀቱ የምስሉ ወርድ አንድ ተኩል እጥፍ የሆነ) ከሆነ 6 ሜትር ርቀት ላይ አስቀምጡት።

አሁን ደሴን የሚመለከት ነገር። ከተማው ከባሕር ጠለል ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ስስ በመሆኑ መብራቱን በወጉ አያቀዘቅዝም። አብዛኛው ፕሮጀክተር ምናሌው ውስጥ "ሃይ አልቲትዩድ" (ከፍተኛ ቦታ) የሚል ምርጫ አለው፤ የሚታዘዘውም ከ1,500 ሜትር ግድም ጀምሮ ነው። ሳይከፈት ከቀረ ማሽኑ አርባ ደቂቃ ሠርቶ፣ ልክ በረዶው ላይ ስትሆን፣ ሙቀት በዛብኝ ብሎ ይጠፋል። ሰው "መብራት ኃይል ነው" ይላል፤ ጥፋቱ ግን የቅንብር ነው። ምርጫው ሲከፈት ማራገቢያው ጮክ ይላል። ድምፅ ባለው ፊልም ማንም አይሰማውም፣ በዚህኛው ግን ይሰማል፤ ፕሮጀክተሩን ከሙዚቀኛው በተቃራኒ ጎን አድርጉና በአጠገቡ ወንበር አትደርድሩ። ኮምቦልቻም ዝቅ ቢል ከ1,500 በላይ ነው፤ እዚያም ይከፈት።

ፊልሙ በክረምት አይታሰብም። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ቆርቆሮ ጣራ ላይ ሲወርድ ማይክሮፎንም አይረዳ። በልግም ያታልላል። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ቅዳሜን ያዙ፤ ሰኞ ገበያ ነው፣ ዓርብ ጁምዓ ነው፣ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ነው። ሰዓቱ ከዙህር በኋላ 7፡30 ተጀምሮ ከአስር ሶላት በፊት ያልቅ። የማታ ፕሮግራም ያማረ ቢመስልም የደሴ ብርድና የማታ ባጃጅ ዋጋ ተመልካቹን ከመጨረሻው ፊልም በፊት ያስነሣዋል። ቀን ስለሚታይ ግን መስኮቱ መጨለም አለበት፦ መጋረጃ ላይ አትመኑ፣ ጥቁር ላስቲክ በእጥፍ በሙጫ ወረቀት ለጥፉ፣ የበሩን ስር አትርሱ። አዳራሹ ውስጥ ቆማችሁ እጃችሁን ዘርግታችሁ ጣታችሁን መቁጠር ካልቻላችሁ ጨልሟል።

አዳራሽ ለመጠየቅ የባህል ተቋማትን፣ የዩኒቨርሲቲውን ደሴ ካምፓስና የከተማውን ትምህርት ቤቶች ጠይቁ። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ ለዓይን የሚያምር ቢሆንም ታሪካዊ ቤት ላይ ላስቲክ መለጠፍና ምስማር መምታት አይገባም።

ተራኪው

በፊልሞቹ መካከል የሚመጡት የጽሑፍ ካርዶች በእንግሊዝኛ ናቸው። ከታች የአማርኛ ትርጉም መጻፍ ይቻላል፣ ግን ዓይንን ከፊቷ ያወርዳል። ድምፅ ይሻላል። አንድ ተራኪ፣ ለዚህ ፕሮግራም ሴት ብትሆን ይመረጣል፣ ከስክሪኑ ግራ ቆማ ካርዱ ሲመጣ ብቻ ታነባለች።

አንድ ካርድ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሰከንድ ይቆያል። አማርኛ ተረጋግቶ ሲነበብ በሰከንድ ሁለት ቃል ነው። ስለዚህ ለ6 ሰከንድ ካርድ ጣሪያው 12 ቃል ሲሆን 9 ላይ ብታቆሙ ተራኪዋ ትተነፍሳለች። ካርዱ ከጠፋ በኋላ የሚቀጥል ድምፅ የተዋናይቷን ፊት ይሸፍናል፤ ከሁሉም ጥፋት የሚከፋው ይህ ነው። ትርጉሙ ረዘመ ካላችሁ ቅጽሎቹን ጣሉ፤ የዚያን ጊዜ ካርድ ጸሐፊዎች ስለ ሐዘንና ስለ ንጽሕና ብዙ ያዝረከርካሉ፣ ምስሉ ግን ብሎታል።

ማን ማንን አንቱ እንደሚል ከልምምድ በፊት በወረቀት ወስኑ። አና የእርሻ ቤቱን አባወራ አንቱ ትላለች፣ እርሱ አንቺ ይላታል። ሉሲ አባቷን "አባባ" ብላ አንቱ ብትለው ፍርሃቷ ይወጣል፤ ባጋጣሚ አንድ ቦታ "አንተ" ካመለጠ ግን ትዕይንቱ ይፈርሳል።

ተራኪዋ ድምፅ አትለውጥ። የአባትየውን በወፍራም፣ የልጅቷን በቀጭን ማለት የልጆች ፕሮግራም ያደርገዋል። የሚታየውንም አትናገር፤ "እያለቀሰች ነው" ከተባለ ተመልካቹ ማየቱን ይተዋል። አባወራው ወደ በሩ ጠቁሞ አናን ወደ በረዶው ሲያስወጣት ካርድ ባይኖርም ወሎ ውስጥ የማይገባው ሰው የለም። ለማንበቢያ ቀይ ላስቲክ የተጠቀለለበት ትንሽ ባትሪ ወደ ታች ብቻ ያበራ።

ከመጀመሩ በፊት ሦስት ደቂቃ ንግግር ይፈቀዳል፣ ከዚያ በላይ አይደለም። የሚጠቅመው አንድ ነገር ስለ ፊቷ ነው፦ የዚያን ዘመን ጥሬ ፊልም ቀይን አያይም፣ ሰማያዊን ደግሞ ያነጣዋል። ቀይ ከንፈር ጥቁር ይወጣል፣ የቀላ ቆዳ የቆሸሸ ይመስላል፣ ሰማያዊ ዓይን ይገረጣል። ወፍራሙ ነጭ ቅባት ለጌጥ አይደለም፣ ያንን ለመሸፈን ነው። በ1920ዎቹ መጨረሻ ሁሉንም ቀለም የሚያይ ጥሬ ፊልም ሲለመድ ቅባቱ ሳሳ፤ በ"ዘ ዊንድ" ቆዳዋ ቆዳ የሚመስለው ለዚህ ነው። አንድ ማስታወሻ ይጨመር፦ ሌሊት በሰማያዊ፣ የመብራት ብርሃን በቢጫማ ይቀለም ነበር። ቅጂያችሁ ቀለሙን ካጣ ሰው በጠራራ ፀሐይ ፋኖስ ይዞ ይታያል፤ እዚያ ቦታ ተራኪዋ "ሌሊት ነው" ትበል።

ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት

ይህ ክፍል ከአዲስ አበባም ሆነ ከሌላ ቦታ ይልቅ እዚህ ይቀልላል። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ የወሎ ቦታ ስም የያዙ ናቸው፤ አምባሰልና ባቲ። ልጅ ሳለ ያልሰማቸው ሙዚቀኛ ደሴ ውስጥ አይገኝም። ሁለት ሰው ይበቃል፦ ማሲንቆ የሚመታና ክራርም ዋሽንትም የሚይዝ። ከበሮ ለሁለት ቦታ ብቻ።

ለ1912ቱ ፊልም አንቺሆዬ ይሁን። የድምፁ አቀማመጥ ማረፊያ ስለማይሰጥ ለጭንቀት የተሠራ ይመስላል። ካሜራው ከተቆለፈው ክፍል ወደ ወንድሙ መኪና እየተመላለሰ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ክራር ብቻ፣ መኪናው ሲመጣ ከበሮ ይጨመር፣ ወደ ክፍሉ ሲመለስ ይቁም። ተመልካቹ ሁለቱ ነገሮች በአንድ ጊዜ እንደሚሆኑ በጆሮው ይረዳዋል።

ለሉሲ ሳቅ ማሲንቆ ብቻውን፣ ትዝታ፣ በጣም ዝግ ብሎ። ቁምሳጥን ውስጥ ገብታ እንደተጠመደ እንስሳ ስትሽከረከር ደጋኑ አጭር አጭር ይንቀጥቀጥ። አባቷ በሩን በመጥረቢያ መምታት ሲጀምር ሙዚቃው ይቁም፣ ምንም ነገር አይሰማ። እስክትሞት ድረስ። ስትሞት እነዚያን ሁለት ጣቶች መልሳ ወደ ከንፈሯ ታመጣለች፤ ማሲንቆው የሚመለሰው ጣቷ ሲነሣ እንጂ ከዚያ በፊት አይደለም። ሙዚቀኞች ጸጥታን ይፈራሉ፣ "ተበላሸ ይላሉ" ብለው ይገባሉ። በልምምድ ላይ ይህቺን ቦታ ብቻዋን ደጋግሙ።

የሕፃኑ ጥምቀት ላይ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ወይም መንዙማ አታስገቡ። ቅዱስ የሆነውን ለፊልም ማጀቢያ ማዋል የተወሰኑትን ያስቀይማል፣ የቀሩትንም ከፊልሙ ያወጣል። ዋሽንት ብቻ፣ አልፎ አልፎ። በረዶው ላይ አምባሰል፤ ከማሲንቆ ይጀመርና ግግሩ ወደ ፏፏቴው ሲቀርብ ከበሮው ከስር ይግባ።

ለ"ዘ ዊንድ" ዋሽንቱ ዜማ ሳያወጣ ትንፋሽ ብቻ ይነፋበት። ነፋሱ እሱ ነው። ሳይቋረጥ ይሂድ፣ ማሲንቆ በላዩ ይንሸራተት፤ የቀበረችውን ሰው አሸዋው ሲገልጠው በመስኮት የምታይበት ላይ ትንፋሹ ብቻ ይቅር። ባሏ ተመልሶ ሲያቅፋት ባቲ።

የሚበላሽባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። ክራርን ከቅኝት ወደ ቅኝት መገልበጥ ደቂቃዎች ይወስዳል፤ ሁለት ክራር ተቃኝተው ይቅረቡ። ብርዱ የክሩን ቅኝት ያዛባል፣ ከጎዳናው የገባ ክራር ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሌላ ነው፤ መሣሪያዎቹ ከአንድ ሰዓት በፊት አዳራሽ ይግቡ። የማሲንቆው ጭራ እርጥበት ከነካው ይንሸራተታል፣ ዕጣኑን ወይም ሙጫውን ሙዚቀኛው በኪሱ ይያዝ። ማሲንቆ በዝማሬ የሚያጅብ ሰው ከሆነ ግጥም እንዳይገባ ተነጋገሩ፤ አንድ ቅኔ ከወጣ ሕዝቡ ዓይኑን ከስክሪን አንሥቶ ወደ እርሱ ያዞራል፣ አይፈረድበትም። ሰው የሚያውቀው ዘፈንም አይመታ፤ ዜማው እንደታወቀ ጭብጨባ ይጀመራል፣ ከዚያ ትከሻው ራሱን ችሎ ይነሣል።

መብራት ሲጠፋ

ይጠፋል ብላችሁ ተነሡ። አምፖል ያለው ፕሮጀክተር 300 ዋት፣ ላፕቶፑ 65 ዋት ግድም ይወስዳል። 1,000 ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚተካ መሣሪያ) ይህንን ለጥቂት ደቂቃ ይሸከማል። ሥራው ፊልሙን መቀጠል አይደለም፤ አምፖሉ ማራገቢያው እየሠራ በሥርዓት እንዲጠፋ ጊዜ መስጠት ነው። እየሠራ ሳለ መብራት በድንገት የሚቋረጥበት አምፖል ዕድሜው ያጥራል፣ አንዳንዱም ይፈነዳል። ባለሌዘሩና ባለኤልኢዱ በዚህ አይቸገሩም። ጄኔሬተር ካለ 2 ኪሎ ዋት ይበቃል፤ ከሕንፃው ጀርባ 30 ሜትር ርቆ በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ይምጣ፣ አለበለዚያ ከማሲንቆው በላይ የሚሰማው እሱ ነው። ዩፒኤሱ ከጄኔሬተሩ ጋር መስማማቱን አስቀድማችሁ ሞክሩ፤ አንዳንዱ የጄኔሬተርን ኃይል አይቀበልም።

በዚህ ጊዜ የቀጥታ ሙዚቃ ጥቅሙ ይታያል። ማሲንቆ ሶኬት አይፈልግም። መብራት እንደጠፋ ሙዚቀኛው ሳያቋርጥ የነበረበትን ቅኝት ይቀጥል፣ ተራኪዋ ያለ ማይክ እስካሁን የሆነውን በሁለት ዓረፍተ ነገር ትበል፣ ከዚያ ጸጥ ትበል። ሲመለስ ፊልሙን ከቆመበት ግማሽ ደቂቃ ወደ ኋላ መልሱ።

ልምምዱ ሁለት ሙሉ ይሁን፤ አንዱ በማንኛውም ክፍል፣ ሁለተኛው በዚያው አዳራሽ በዚያው ሰዓት፣ ፀሐዩ ከየትኛው ቀዳዳ እንደሚገባ እንድታዩ። ኮምቦልቻ ላይ መድገም ከፈለጋችሁ ዕቃው ያው ነው፤ የሚለወጠው ሙቀት ነው። መስኮቱ በላስቲክ ተለጥፎ ሰው የሞላበት አዳራሽ በከሰዓት በኋላ ያፍናል፣ እዚያ ከ11 ሰዓት በኋላ ማድረግ ይሻላል፤ የመግሪብን ሰዓት አይታችሁ መካከል ላይ ዕረፍት ስጡ።

መጨረሻው ሲያልቅ ሶኬቱን አትንቀሉ። ፕሮጀክተሩን በራሱ ቁልፍ አጥፉት፣ ማራገቢያው ራሱ እስኪቆም ጠብቁ፣ ከዚያ 20 ደቂቃ ይቀዝቅዝ። የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ከሆነ ከሚኒባሱ ጣራ ላይ ሳይሆን በሰው ጭን ላይ ይጓዝ፤ የጋለ አምፖል በመንገድ መናወጥ ይጎዳል።